ወደ ኬሬይታ ደን የተወጠነ ጉዞ

ትምህርት ዐሥራ አራት

ሀ. ከንባቡ በፊት

ከጓደኞቻችሁ ጋር ከከተማ ወጥታችሁ አንድ ቀን በጫካ ውስጥ ለመዋል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ጉዞውን ያቀደው ማን ነበር? ዝናብ ቢመጣ ምን እንደምታደርጉስ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ነበር? መልሳችሁን አጠገባችሁ ለተቀመጠው ተማሪ ከነገራችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ የተጠቀሱት ቦታዎችና አደጋዎች እውነተኞች ናቸው፤ የቅዳሜው የአማርኛ ክፍልና ኮሚቴው ግን ለዚህ ትምህርት ሲባል የተዘጋጁ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ለ. ምንባብ

ናይሮቢ በ1899 የኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ለሠራተኞች ማረፊያና ለዕቃ ማከማቻ ከተቆረቆረ ሰፈር ተነሥታ ያደገች ከተማ ናት። ስሟ የተወሰደው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። በሥራ፣ በንግድና በስደት ምክንያት ወደዚህች ከተማ የመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ በተለይ ኢስሊ በተባለው ሰፈር እንጀራው ሲሸጥ፣ ቡናው ሲቆላና ጨዋታው በአማርኛ ሲደራ ያየ እንግዳ አገሩን የለቀቀ አይመስለውም። የእነዚህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ይማራሉ። ከመካከላቸው ሃያ አራቱ ደግሞ ቅዳሜ ጧት እየተሰበሰቡ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ያጠናሉ።

የጉዞው ሐሳብ የመነጨው ከአንድ ተማሪ ስልክ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ በ2020 በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንሸራተት የተነሣውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ልኮለት ነበር። ልጁ ስልኩን ለጓደኞቹ እያዞረ ካሳየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኛስ ምን ጎደለን? አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ በጫካ ውስጥ ቢሆንልን ምናለበት?» ሲል መምህሩን ጠየቀ።

ዚፕላይን የሚባለው ይህ ጨዋታ በሁለት ማማዎች መካከል በተወጠረ የብረት ሽቦ ገመድ ላይ ከከፍታ ወደ ዝቅታ መንሸራተት ነው። ሰውየው በወገቡና በጭኑ ዙሪያ ጠንካራ መታጠቂያ ይታጠቃል፤ መታጠቂያው በገመዱ ላይ ከሚሽከረከር መዘውር ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሳይሆን የራሱ የሰውነቱ ክብደት ነው። በ1970ዎቹ በኮስታ ሪካ ደኖች ውስጥ የዛፎችን ጫፍ ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎችም በገመድ እየተንጠለጠሉ ይሠሩ ነበር። ይህ በተነገረ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ፣ «እኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የደብረ ዳሞ መነኮሳት ስንት መቶ ዓመት ሙሉ በቆዳ ገመድ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል» በማለት ክፍሉን አሳቀ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ሐሰት አይደለም።

መምህሩ ሐሳቡን አልነቀፉም። ነገር ግን፣ «ጉዞውን የማቅደው እኔ አይደለሁም። ኮሚቴ ምረጡ፤ ስብሰባ አድርጉ፤ ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ጻፉ። የጻፋችሁት ዕቅድ ለወላጆቻችሁ ተነብቦ ካሳመናቸው እንሄዳለን» አሉ። ወዲያው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሁለት አባላት ተመረጡ።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ ቦታው ነበር። ገንዘብ ያዧ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ያለውን የካሩራን ደን መረጠች። «ፏፏቴ ከሆነ የሚፈለገው እዚሁ ቅርባችን አለ፤ ለአውቶቡስ ኪራይ ስለምን ገንዘብ እናባክናለን?» አለች። እውነቷን ነው። ካሩራ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሰፋና በ1932 የተከለለ ደን ሲሆን፣ በውስጡ 15 ሜትር ያህል የሚወርድ ፏፏቴ፣ እንዲሁም ለነጻነት የተዋጉት የማው ማው አርበኞች ይሸሸጉባቸው እንደነበር የሚነገርላቸው ዋሻዎች ይገኛሉ።

መምህሩ በዚህ ቦታ ንግግሩን አቋርጠው ስለ ካሩራ አንድ ነገር ጨመሩ። በ1998 ከደኑ መሬት እየተቆረሰ ለሕንፃ ሠሪዎች መታደሉ በታወቀ ጊዜ፣ በ1977 የግሪን ቤልትን ንቅናቄ የመሠረቱት ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ ሄዱ። በጃንዩዌሪ 8 ቀን 1999 በደኑ በር ላይ ዛፍ ለመትከል ሲሞክሩ ዘበኞች ደብድበዋቸው ራሳቸው ላይ ቆሰሉ። ተማሪዎችና የሃይማኖት መሪዎች ሳይቀሩ ከጎናቸው ስለቆሙ ጉዳዩ አልበረደም፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት እንዳይታደል አገዱ። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት በማግኘት ከአፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ፤ በ2011ም ዐረፉ። ዛሬ በካሩራ ጥላ ሥር የሚመላለሰው የናይሮቢ ሕዝብ ይህን ሁሉ ያስታውስ እንደሆነ እንጃ።

ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ልብ ያዘነበለው ወደ ዚፕላይኑ ስለነበረ በድምፅ ብልጫ የተመረጠው የኬሬይታ ደን ሆነ። ኬሬይታ ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ከኪሜንዴ ከተማ ታጥፎ የሚደረስበት፣ በአበርዳሬ ተራሮች ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ደን ነው። በዚያ በክፍል በክፍል የተዘረጋውና በጠቅላላው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ዚፕላይን ከምሥራቅ አፍሪካ ረጃጅሞቹ አንዱ ነው። ከዚያም ሌላ በእግር የሚደረስበት ፏፏቴና ዋሻ አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ ሰው በአበርዳሬ ተራሮች ላይ ሲዘዋወር ባዕድነት አይሰማውም፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘለውም ጉሬዛ ያው የአገሩ ጉሬዛ ነው። ዝሆኑ ግን አያስቀርብምና ያለ መሪ ወደ ደኑ አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው የቀኑ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነና የፋሲካም ደስታ ስለሚጨመርበት ሚያዝያ ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም እጁን ሊያወጣ ሲል ልጃቸውን ለመውሰድ መጥተው በር ላይ የቆሙ አንድ አባት አሳላፊ ቃል ጠየቁ። እኒህ ሰው በናይሮቢና በናኩሩ መካከል ከባድ መኪና የሚነዱ ናቸው።

«ልጆቼ» አሉ፤ «የምትሄዱበትን አቀበት አውቀዋለሁ። ከእሱ ግርጌ ማይ ማሂዩ የምትባል ከተማ አለች። በ2024 ኤፕሪል 29 ቀን ሌሊት ምን እንደ ደረሰባት ሰምታችኋል? በባቡሩ ሐዲድ ሥር ያለው የውሃ መተላለፊያ በጭቃና በግንድ ተደፍኖ ውሃው እላይ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ድንገት ሲፈነዳ ከ40 በላይ ሰዎች ከነቤታቸው ተወሰዱ። የሞቱት ሰዎች ተኝተው ነበር። ዝናቡን ያዩት የላይኞቹ ናቸው፤ ጎርፉ የመጣው በታችኞቹ ላይ ነው።» ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለም?» ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

መምህሩም ከዚያው አካባቢ ሌላ ምሳሌ ጠቀሱ። በናይቫሻ አጠገብ ሄልስ ጌት፣ ትርጉሙም «የሲኦል በር» የተባለ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በፓርኩ ውስጥ ግድግዳው እንደ ቤት የቆመ ጠባብ ሸለቆ ስላለ ጎብኚ ይወደዋል። በ2012 ኤፕሪል ወር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ማኅበር ሽርሽር የወጡ ሰባት ወጣቶች በዚህ ሸለቆ ውስጥ በደራሽ ውሃ ተወስደው ሞቱ። በ2019 ሴፕቴምበር ወር ደግሞ እንደገና ሰባት ሰዎች በዚያው ሸለቆ ሞቱ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያታልለው ነገር ከራስ በላይ የሚታየው ሰማይ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ከተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ውሃው ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ እየሰበሰበ ይወርዳል እንጂ ለማንም አስቀድሞ አይናገርም።

ስለዚህ ሚያዝያ ተሰረዘ። በናይሮቢ አካባቢ ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ቀላሉ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ብርድና ጉም የሚበዛባቸው፣ ዝናባቸው ግን ጥቂት የሆነ ወራት ናቸው። ይህን የሰሙ አንዲት በአዲስ አበባ የሚኖሩ አያት በስልክ፣ «በሐምሌ ጫካ? ምን ዓይነት ዕብደት ነው!» ማለታቸው አልቀረም፤ ለእኛ ሐምሌ የክረምት እምብርት ነውና አልተሳሳቱም። የልጅ ልጃቸው ግን የኬንያ ሐምሌ የኢትዮጵያ ሐምሌ እንዳልሆነ አስረዳቸው። የነሐሴ መጀመሪያ የፍልሰታ ጾም የሚገባበት ስለሆነ የሐምሌ የመጨረሻው ቅዳሜ ተወሰነ።

ገመዱን የሚመለከተው ስብሰባ ከሁሉ የረዘመ ነበር። አንደኛው አባል ከመጻሕፍትና ከቦታው ሠራተኞች ጠይቆ የተረዳውን በጽሑፍ አቀረበ። የሽቦው ገመድ ብዙ ጊዜ በ100 ሜትር ርዝመት ከ3 እስከ 6 ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይወጠራል። ቁልቁለቱ ከዚህ ካነሰ ሰውየው መሐል ላይ ይቆማል፤ ከበዛም ፍጥነቱ ለፍሬን ያስቸግራል። ክብደትም የራሱ ዳኝነት አለው። ከባድ ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፤ በጣም ቀላል የሆነ ልጅ ደግሞ ነፋስ ከፊቱ ከመጣ ከማማው ሳይደርስ ሊቆምና ሠራተኛ ተንጠልጥሎ ሄዶ ሊጎትተው ይችላል። የዚፕላይን ቦታዎች የክብደት ወሰን የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። አባሉ ንግግሩን የፈጸመው፣ «እያንዳንዱ ሰው ምንጊዜም ቢያንስ በአንድ ማያያዣ ከገመድ ጋር መያያዝ አለበት፤ በማማው ላይ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ እንኳ። ማያያዣውን የሚፈታውና የሚያስረው ሠራተኛው ብቻ ነው። የራስ ቁር ያላደረገ አይወጣም። ረጅም ጠጉር ይታሰራል፤ ነጠላም ሆነ የአንገት ልብስ ቤት ይቀራል» በማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ለመሄድ እፈልጋለሁ፤ ገመዱ ላይ ግን አልወጣም። የሚያሾፍብኝ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ» አለች። ጥቂቶች ሊስቁ ቃጣቸው። ሊቀ መንበሩ ግን ነገሩን በውሳኔ አሰረው፤ ገመዱ ላይ መውጣት በፈቃድ ብቻ እንደሚሆን፣ ማማው ላይ ደርሶ የተመለሰም ሰው ምክንያት እንደማይጠየቅ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በኬንያ ደኖችና ፓርኮች ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ዋጋ ስለሚጠየቅ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሁሉ ወረቀታቸውን እንዲይዙ ተነገረ። መዋጮው በኤምፔሳ ተሰበሰበ። ከ2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ወደ ደኖችና ፓርኮች እንዳይገባ ስለተከለከለ ውሃ በብረት ኮዳ፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ በጨርቅ እንዲያዝ ሆነ።

ጉዞውን ሊያበላሽ የነበረው ስሕተት የተገኘው በሰዓት ላይ ነው። ጸሐፊው የዚፕላይኑ ሠራተኞች በእንግሊዝኛ የሰጡትን ቀጠሮ ለወላጆች በተላከው ማስታወቂያ ላይ «9 ሰዓት» ብሎ እንዳለ ገለበጠው። አንዲት እናት ደውለው፣ «በዘጠኝ ሰዓት ጫካ ገብታችሁ በስንት ልትወጡ ነው?» ባይሉ ኖሮ ግማሹ ቡድን በቀጠሮው አይደርስም ነበር። የሠራተኞቹ ዘጠኝ የእኛ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። የሚገርመው ግን ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ታቱ» ማለት ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ጧት ነው። ልጁ በስዋሂሊ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳተ! ማስታወቂያው «ከጧቱ 3 ሰዓት» ተብሎ እንደገና ተጻፈ።

የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው ስለ መመለስ ነው። አንዳንዶቹ፣ «ይህ አሁን ምን ያደርጋል? እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» አሉ። መምህሩ በዚህ አልተስማሙም። «እዚያ ስትደርሱ ገንዘቡ ተከፍሏል፤ መንገዱ ተሄዷል፤ የፏፏቴው ድምፅ ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚወስነው ጭንቅላታችሁ ሳይሆን እግራችሁ ነው። ዛሬ ግን ማንም አልደከመም፤ ማንም አልጓጓም። የምትመለሱበትን ምክንያት ዛሬ ጻፉት» አሉ። ሦስት ነገሮች ተጻፉ። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሴኮንድ በፊት ከተሰማ ጉዞው ይቆማል፤ ድምፅ በሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 30 ሴኮንድ ማለት መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው። የወንዙ ውሃ ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ ማንም አይሻገርም። ምንም ነገር ባይፈጠርም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ አውቶቡሱ ያዞራል።

«ሰዓቱን የሚይዘውስ ማን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከፍታ የምትፈራዋ ተማሪ ተመረጠች። ይህን ምርጫ እኔ ከዕቅዱ ሁሉ እጅግ ብልህ የሆነው ክፍል ነው እላለሁ፤ ለገመዱ የማትቸኩል ሰው ስለሆነች ሰማዩን የማየት ጊዜ አላት።

የወላጅ ፈቃድ ወረቀቶች ተሰብስበው መጡ። በአንደኛው ላይ ከፊርማው ሥር በእርሳስ አንዲት ቃል ብቻ ተጨምራ ነበር፦ «አደራ»።

በተባለው ቅዳሜ አውቶቡሱ ከኢስሊ ሲነሣ ናይሮቢ በጉም ተሸፍና ነበር። ኪሜንዴ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሦስት ሰዓት መታጠቂያው ታደለ፤ የራስ ቁሩ ተጠለቀ። ከሃያ አራቱ ዐሥራ ዘጠኙ ገመዱ ላይ ወጡ። በስልኩ ጉዞውን ያስጀመረው ልጅ ከመጀመሪያው ማማ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ተመልሶ ለመውረድ ዞር ሲል ግን ማንም ምክንያት አልጠየቀውምና ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሃሳቡን ለውጦ ሄደ። ከሁሉ የቀለለው ልጅ ብቻውን ቢለቀቅ መሐል ላይ እንዳይቆም ከሠራተኛ ጋር ተያይዞ ተሻገረ። መዘውሩ በሽቦው ላይ እያፏጨ ሲሮጥ የዛፎቹ ጫፍ ከእግር በታች እንደ ተነጠፈ አረንጓዴ ምንጣፍ ይታይ ነበር ሲሉ በኋላ ጽፈዋል። ሁሉም ያው ምንጣፍ ብለው መጻፋቸው መምህሩን ባያስደስትም።

ከምሳ በኋላ ከመሪያቸው ጋር ወደ ፏፏቴው በእግር ጉዞ ጀመሩ። ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ ወጥታለች። አንድ ቀጭን ወንዝ በድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ ተሻገሩ። ከስምንት ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል የፏፏቴው ድምፅ በቅጠሉ መካከል መሰማት ጀመረ፤ መሪው ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደቀረ ነገራቸው። በዚያን ጊዜ በላይኛው ሸንተረር በኩል ሰማዩ ብልጭ አለ። ልጅቷ ቆመች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። በዐሥራ ስምንተኛው ሴኮንድ ላይ የሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ።

«ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። እንመለሳለን» አለች።

«እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!» አለ አንዱ። «ዐሥር ደቂቃ እኮ ነው የቀረን!» አለ ሌላው። ሦስተኛው ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» ሲል ለመነ። መምህሩ መልስ አልሰጡም። ልጅቷ ከኪሷ የታጠፈውን ቃለ ጉባኤ አውጥታ ዘረጋችው፤ ሳታነበው መልሳ አጠፈችው፤ ሁሉም ፊርማቸውን አይተውታል። መሪው ወደ ሸንተረሩ አየና በስዋሂሊ፣ «ትክክል ናት» ብሎ ፊቱን አዞረ። ወንዙን መልሰው ሲሻገሩ ውሃው እንደ ጧቱ ጥርት ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ ውሃው ይሙላ አይሙላ ያየ የለም። አውቶቡሱ ሲነሣ አንዲትም ጠብታ አልወረደችም፤ ይህም ለልጅቷ ከነጎድጓዱ የከበዳት ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቹ አኩርፈው በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ኪሜንዴ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በስልኩ ጉዞውን ያስጀመረው ልጅ ወርዶ የተጠበሰ በቆሎ ገዛ፤ ተመልሶም አጠገቧ ተቀመጠና በቆሎውን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጣት። ገንዘብ ያዧ ከፊት ወንበር ላይ ሆና የተረፈውን ሒሳብ ትቆጥራለች። «ለካሩራ ይበቃል» አለች፤ «ፏፏቴ ካማራችሁ።»

ሐ. የቃላት ፍች

መወጠን፦ ማሰብ፣ መጀመር፣ ማቀድ። በሌላ ትርጉሙ «ወጠረ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ሐሳብ ይወጠናል፣ ገመድ ግን ይወጠራል።
መዘውር፦ በጠርዙ ላይ ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ።
ደራሽ ውሃ፦ በራቀ ቦታ ከዘነበ ዝናብ ድንገት የሚመጣ ጎርፍ።
ሸንተረር፦ የተራራ ረጅም ጀርባ።
ደፈረሰ፦ ጭቃ ተቀላቅሎበት ጥራቱን አጣ። ሰላም ሲጠፋም «አገር ደፈረሰ» ይባላል።
አደራ፦ ለሌላ ሰው በእምነት የሚሰጥ ነገር ወይም ኃላፊነት።

መ. ስለ ቋንቋው

የዕቅድ ቋንቋ ከተራ ጭውውት የሚለየው ሁኔታን በሚገልጽበት መንገድ ነው። የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ እንመለሳለን።
ነጎድጓድ ቢሰማ እንመለስ ይሆናል።
ነጎድጓድ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ እንመለስ ነበር።

የመጀመሪያው «ከ» የሚለውን መነሻ የያዘ ሲሆን ነገሩ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚደረግ በቁርጥ ይናገራል። ሁለተኛው «ቢ» በሚለው ይነሣና «ይሆናል» በሚለው ሲዘጋ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ሰሚው መመለሱንም አለመመለሱንም ሊረዳ ይችላል። ሦስተኛው ጊዜው ስላለፈና ስላልሆነ ነገር ይናገራል። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፈው በመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከቃለ ጉባኤው የተወሰደውን ይህን ክፍል ተመልከቱ።

«ስለ መመለስ ጉዳይ ከተነጋገርን በኋላ ቀጥሎ ያለውን በሙሉ ድምፅ ወስነናል። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሴኮንድ በፊት ከተሰማ ጉዞው በዚያው ይቆማል። የወንዙ ውሃ ከደፈረሰ ማንም አይሻገርም። ሰዓት ያዧ ‹እንመለስ› ካለች ክርክር የሚደረገው አውቶቡሱ ውስጥ ነው።»

ሠ. መልመጃ

አንድ፦ በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ሚያዝያ ለጉዞው ያልተመረጠው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያቶች ከነማስረጃቸው ጥቀሱ።
2. ዋንጋሪ ማታይ በካሩራ ደን በር ላይ የቆሰሉት ምን ሲያደርጉ ነው?
3. በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው «9 ሰዓት» ወላጆችን ያሳሳተው እንዴት ነው?
4. መምህሩ ተማሪው በለመናቸው ጊዜ መልስ ያልሰጡት ለምን ይመስላችኋል?

ሁለት፦ በብልጭታና በነጎድጓድ መካከል 24 ሴኮንድ ቢቆጠር መብረቁ የወደቀው ከምን ያህል ርቀት ላይ ነው? ስሌቱን በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጻፉት።

ሦስት፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ቁርጥ ያለ ውሳኔ ወደሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ለውጡ።
1. ጉም ቢበዛ ገመዱ ላይ አንወጣ ይሆናል።
2. አንድ ሰው ቢታመም አውቶቡሱ ሊመለስ ይችላል።
3. መሪው ባይመጣ ምናልባት እንጠብቀው ይሆናል።

አራት፦ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንደኛው ወገን «ልጅቷ ዐሥር ደቂቃ መፍቀድ ነበረባት»፣ ሁለተኛው ወገን «መፍቀድ አልነበረባትም» በማለት ይከራከር። ከክርክሩ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ በሚኖርበት አካባቢ ወዳለ ወንዝ፣ ደን ወይም ተራራ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ዕቅድ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የዝናቡን ወራት ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቆ፣ ውሃው ከየት እንደሚወርድ በንድፍ አሳይቶ፣ የሚመለስበትንም ሁኔታ በቁርጥ ቃል ለይቶ ያቅርብ።